ፊደሉ የማንን ሰማይ ያንጸባርቃል?

ስለ ኮምፒዩተር ሠራሽ የወርቅና የብር ጌጥ የቀረበ ሂስ

የዘመን መለወጫ፣ የመስቀል ወይም የገና በዓል በተቃረበ ቁጥር በየንግድ ቤቱ መስኮት፣ በየማተሚያ ቤቱ ደጃፍና በየእጅ ስልኩ ላይ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ብቅ ይላል። «መልካም በዓል» የሚለው ቃል ከወርቅ ተቀርጾ የወጣ መስሎ ይታያል፤ ጠርዙ ያበራል፣ ሆዱ ይጨልማል፣ ከአንዱ ፊደል ጫፍ ላይ ባለ አራት ጨረር ኮከብ ብልጭ ይላል። በግራና በቀኙ የብር መስቀል ወይም የወርቅ ሐረግ ይቆማል። የሠርጉ መጥሪያ፣ የምስክር ወረቀቱ፣ የግድግዳው የቀን መቁጠሪያና የመጽሐፉ ሽፋን ከዚሁ ልማድ አልወጡም። የሠራው ሰው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለም፤ ሥራውም በሥዕል ኤግዚቢሽን አዳራሽ አይሰቀልም። ይሁን እንጂ ሰፊው ሕዝብ በየዕለቱ የሚያየው ሥዕል በአዳራሽ የተሰቀለው ሳይሆን ይኸው ነው። ስለዚህም የማስታወቂያና የካርድ ሥራ ከሥነ ጥበብ ደረጃ ዝቅ ያለ ነው በሚል ሰበብ ከሂስ ውጭ ሆኖ መቆየቱ ተገቢ አልነበረም።

ጌጡ የሚሠራበት መሣሪያ የታወቀ ነው። ፎቶሾፕ የሚባለው የምስል ማረሚያ ፕሮግራም በቶማስና በጆን ኖል ወንድማማቾች ተጠንስሶ በ1990 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀረበ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፊደልን ብረት ለማስመሰል የፈለገ ሠራተኛ ብዙ መልፋት ነበረበት፤ ቅርጹን ያባዛል፣ አንዱን ቅጂ ያደበዝዛል፣ ሌላውን ጥቂት ገፋ አድርጎ ከበታቹ ያነጥፋል፣ ብርሃኑንና ጥላውን በየፈርጁ ያዳምራል። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው አምስተኛው እትም ግን ጥላና የተዘናበለ ጠርዝ ለአንድ ሌየር በትእዛዝ ብቻ የሚሰጥበትን መንገድ ከፈተ፤ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው ስድስተኛው እትም ደግሞ የቀለም ሽግግሩን፣ ጥለቱንና የጠርዙን መስመር ሁሉ በአንድ ሠሌዳ ላይ ሰበሰበው። ከዚያ ወዲህ ወርቅ የቅጽበት ሥራ ሆነ። ተማሪው ፊደሉን ይጽፋል፣ ቤቭል የሚባለውን ትእዛዝ ይሰጣል፣ ከተዘጋጁት የቀለም ሽግግሮች አንዱን ይመርጣል፣ ሥራውም አለቀ ይባላል።

እዚህ ላይ የፍጥነቱ ነገር አያጣላም። ሠራተኛን ከአድካሚ ሥራ የሚያሳርፍ መሣሪያ ሊወቀስ አይገባውም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ይኸውም በሠሌዳው ላይ ተዘጋጅቶ የተቀመጠው ወርቅና ብር ከየት መጣ የሚለው ነው።

ለብዙ ዓመታት ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ሲሰጥ የኖረውን «ክሮም» የተባለውን የቀለም ሽግግር በጥሞና ያየ ሰው የሚያገኘው ነገር አስገራሚ ነው። ከአንደኛው ጫፍ ብሩህ ሰማያዊ ይነሣና ወደ መካከሉ እየነጣ ይሄዳል። ከነጩ ቀጥሎ፣ ያለ አንዳች ማሸጋገሪያ፣ ጥቁር ቡናማ ይመጣል፤ ቡናማው ወደ ወርቃማ ቢጫ ይፈካል፤ በመጨረሻም እንደገና ይነጣል። ይህ የብረት ቀለም አይደለም። የአገር ሥዕል ነው። ሰማያዊው ሰማይ ነው፤ እየነጣ የሚወርደው ከአድማስ አጠገብ የሚሳሳው አየር ነው፤ ድንገተኛው ቡናማ የአድማሱ መስመር ነው፤ ቢጫው አሸዋ ነው። ፊደሉ የተወለወለ ብረት መስሎ የሚታየው በጠራ ሰማይ ሥር ከበረሃ መካከል ስለ ቆመ ነው።

በረሃውም የመጣበት ታሪክ አለው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የመኪናና የሸቀጥ ማስታወቂያ የሚሠሩ ሠዓልያን ቀለምን በአየር ግፊት በሚረጭ መሣሪያ ክሮምን መሳል ልማድ አድርገው ነበር። ከላይ ሰማያዊ፣ ከመካከል የጠቆረ የአድማስ መስመር፣ ከታች ቡናማ መሬት የሚለው ሥርዓት የእነርሱ መደበኛ ቀመር ሆነ። የጃፓኑ ሠዓሊ ሃጂሜ ሶራያማም በዚያው ዘመን በዚሁ የሥራ ስልት የብረት ገላ ያላቸውን ሮቦቶቹን ሥሎ ዓለም አቀፍ ዝና አትርፏል። ሁሉም ከእጃቸው በፊት ዓይናቸውን ያሠሩ ሰዎች ነበሩ። ቀመሩ ከምልከታ የተወለደ ነው፤ የመኪናው መከላከያ ብረት በሜዳ ላይ ሲቆም በእርግጥም ሰማይንና አሸዋን ያሳያል። ወደ ኮምፒዩተሩ ሠሌዳ ሲገባ ግን ምልከታው ከኋላ ቀርቶ ቀመሩ ብቻ ተሻገረ። በመርካቶ ወይም በባሕር ዳር ባለ ማተሚያ ቤት «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለው ጽሑፍ ሲዘጋጅ፣ ሠራተኛው ሳያውቀው፣ ፊደሉን ወስዶ ከሩቅ አገር በረሃ ያቆመዋል።

ይህ አባባል የተጋነነ እንዳይመስል የብረትን ጠባይ ማስታወስ ያሻል። እንጨት፣ ጨርቅና ሸክላ የራሳቸው ገጽ አላቸው፤ የትም ቢቀመጡ ከሞላ ጎደል ራሳቸውን ይመስላሉ። የተወለወለ ብረት ግን እንዲህ ያለ ገጽ የለውም። የሚታይበት ሁሉ ከአካባቢው የተዋሰው ነው። ለዚህ ማስረጃ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። በጀርባው በኩል ያዩት እንደ ሆነ መላው ክፍል ተጨብጦና ተኮማትሮ ይታያል፣ መስኮቱ ከላይ ይሆናል። በሆዱ በኩል ሲገለብጡት ክፍሉ ተዘቅዝቆ መስኮቱ ወደ ታች ይወርዳል። ማንኪያውን ወደ ጓሮ ቢያወጡት መስኮቱ ጠፍቶ ዛፉና አጥሩ ይገባሉ። ማንኪያው ያው ነው፤ ሥዕሉ ግን ሦስት ነው።

የኮምፒዩተር ሊቃውንትም ቢሆኑ ይህን ቀደም ብለው ተረድተውታል። ጂም ብሊንና ማርቲን ኒውዌል በ1976 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ላይ፣ በኮምፒዩተር የተሣለ ዕቃ እንዲያንጸባርቅ ከተፈለገ በዙሪያው ያለው አካባቢ በሥዕል ተይዞ በገጹ ላይ መጠቅለል እንዳለበት አሳይተዋል። በ1991 እ.ኤ.አ. በታየው የ«ተርሚኔተር» ፊልም ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ያለው ፈሳሽ ብረት ሰው ተመልካቹን ያሳመነው የቆመበትን ሥፍራ በገላው ላይ ስለሚያሳይ ነው። ፖል ዴቤቬክ ደግሞ በ1998 እ.ኤ.አ. አንዲት የመስታወት ኳስ በቦታው አስቀምጦ ፎቶግራፍ በማንሳት የቦታውን ብርሃን ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባበትን ስልት አቀረበ። ፊልም ሠሪው ብረቱን ከቦታው ጋር ለማስተሳሰር ይህን ያህል ሲደክም የካርድ ሠሪው ብረት ቦታ አልባ ሆኖ መቅረቱ፣ ሥራው ስለሚያንስ ብቻ ይቅር ሊባል አይችልም።

ከበረሃው ቀጥሎ የሚታየው ጉድለት የወርቁ ነው። በአብዛኛው የበዓል ካርድ ላይ ያለው ወርቅ ወርቅ ሳይሆን ቢጫ ፕላስቲክ ይመስላል። ምክንያቱ ሁለት ነው። በመጀመሪያ፣ ፕላስቲክና ቀለም የተቀባ ዕቃ ሲያበራ የብርሃኑ ነጥብ የብርሃኑን ቀለም እንደ ያዘ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ወርቅና መዳብ ግን የሚመልሱትን ብርሃን በራሳቸው ቀለም ይነክሩታል። ቢጫ ገጽ ላይ ንጹሕ ነጭ መስመር ያሰመረ ሠራተኛ እንግዲህ ሳያስበው ባልዲ ሠርቷል። ሁለተኛው የጥቁር ማነስ ነው። የወርቅ ዕቃ አብዛኛው ገጹ ጨለማ ነው፤ ቡናማ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ አንዳንድ ጊዜም ፍጹም ጥቁር ይታይበታል። ብርሃኑና ጨለማው ያለ ማሸጋገሪያ ጎን ለጎን ስለሚቆሙ ዓይን ይበራበታል። ሁሉን ነገር በለስላሳ ሽግግር ያያያዘ ወርቅ የተወለወለ ሳይሆን የደከመ ነው።

የአውሮፓ ሠዓልያን ይህን ከተረዱ ዘመናት አልፈዋል። ሊዮን ባቲስታ አልበርቲ በ1435 እ.ኤ.አ. ስለ ሥዕል በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፣ የወርቅን ጨረር በተራ ቀለም የሚያስመስል ሠዓሊ በወርቅ ቅጠል ከሚለብጠው የበለጠ ሊደነቅ እንደሚገባው ተከራክሯል። ለብዙ ጊዜ የሬምብራንት ሥራ ነው ሲባል የኖረውና በ1985 እ.ኤ.አ. የእርሱ አለመሆኑ የተገለጸው «ባለ ወርቅ ቁር ሰው» የተሰኘው ሥዕል በዚህ በኩል ጥሩ መምህር ነው። የቁሩ አብዛኛው ክፍል በጥላ ተውጧል፤ ወርቅነቱን የሚመሰክሩት በወፍራሙ የተለሰኑት ጥቂት የቀለም ጉብታዎች ናቸው። ሥዕሉ ከሬምብራንት እጅ አለመውጣቱ ትምህርቱን አይቀንሰውም፤ እንዲያውም ዕውቀቱ የአንድ ሊቅ ብቻ ሳይሆን የመላው ሥዕል ቤት ሀብት እንደ ነበር ያስረዳል።

ወደ ፊደላችን ስንመለስ ጉዳዩ ከውበት አልፎ የንባብ ጉዳይ ይሆናል። ቤቭል የሚባለው ትእዛዝ የፊደሉን ጠርዝ ከሁለት ወገን ያዘነብለዋል። ሁለቱ ተዳፋቶች ከመካከል ሲገናኙ እንደ ቤት ጣሪያ ያለ ሸንተረር ይፈጠራል። ወፍራም መስመር ከፍ ያለ ጣሪያ ሲደርሰው ቀጭን መስመር የሚደርሰው ዝቅ ያለው ነው። በቁም ጽሕፈታችን ደግሞ ቋሚው መስመር ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን ነው። ከሁሉም በላይ፣ አናባቢን የሚለዩት ምልክቶች ትናንሾቹ ናቸው። «ሉ»ንና «ሊ»ን የሚለያቸው ቅጥያዋ ከወገብ ወይም ከእግር መውጣቷ ነው፤ የ«ሌ» ምልክት አንዲት ቀለበት ናት፤ «ል» ከ«ለ» የሚለየው በአንድ እግሩ ላይ ባለች ስብራት ነው። ብርሃኑ ሲበዛ አስቀድመው የሚጠፉት እነዚህ ናቸው። ቀለበቷ በውስጧ በሚገናኘው ተዳፋት ትደፈናለች፤ ቅጥያዋ ከዋናው አካል ጥላ ውስጥ ትሰወራለች። አንባቢው «መልካም በዓል» የሚለውን የሚያነበው በልማድ እንጂ በፊደሉ አይደለም። የማያውቀው የሰው ወይም የቦታ ስም በዚሁ ጌጥ ሲጻፍለት ግን ይሰናከላል። በሠርግ መጥሪያ ላይ የሚጻፈው ደግሞ በአብዛኛው ስምና ቦታ ነው።

የጌጡን ነገር ለመመዘን ከአገር ቤት የተሻለ ሚዛን አለ። የብራና መጻሕፍት ሠዓልያን በወርቅ ቅጠል እምብዛም አልተጠቀሙም። የቅዱሳኑን አክሊለ ብርሃን በቢጫ ቀለም ሞልተው፣ በጥቁር ወይም በቀይ መስመር ከብበው ተዉት፤ ተመልካቹም ብርሃን መሆኑን ለመረዳት ተቸግሮ አያውቅም። በመጽሐፉ ግንባር ላይ የሚሳለው ሐረግ ደግሞ አንዱ ገመድ በሌላው ላይ ሲያልፍ፣ ሌላው ከሥር ሲገባ፣ ያለ ጥላና ያለ ነጸብራቅ በመስመርና በቀለም ብቻ ግልጽ ሆኖ ይነበባል። ዛሬ ያንኑ ሐረግ ወስዶ በቤቭል ያሳበጠ ሠራተኛ ገመዱ ከላይ ይለፍ ከሥር እንዳይታወቅ ያደርጋል፤ በየመጋጠሚያው የሚፈጠረው ሸንተረር ሁሉንም ወደ አንድ የተጠበሰ ሊጥ ይለውጠዋልና።

ከዚያም በፊት የአክሱም ገንዘብ ሠራተኞች አሉ። ከ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ገንዘብ ያትሙ የነበሩት እነዚህ ባለሙያዎች ከዘመኑ የገንዘብ ሥራ የሚለዩበት አንድ ብልሃት ነበራቸው። በአንዳንድ የብርና የመዳብ ገንዘቦች ላይ ወርቅ ይለብጡ ነበር፤ ግን በሙሉ ገጹ ላይ አይደለም። ወርቁ ከንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም ከመስቀሉ መካከል ብቻ ይገባል። ከጣት ጥፍር እምብዛም በማይበልጥ ሥፍራ ላይ የት ማብራት እንዳለበትና የት ዝም ማለት እንዳለበት የወሰነ እጅ ነው። ከዚህ አጠገብ፣ ርእሱም፣ ቀኑም፣ የድርጅቱ ስልክ ቁጥርም በአንድ ዓይነት ወርቅ የሚያብረቀርቅበትን ማስታወቂያ ማስቀመጥ ያሳፍራል።

የአንጥረኛው ሥራም ቅደም ተከተሉ ሊታይ ይገባዋል። አንጥረኛው መስቀሉን በሰም ይቀርጻል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሰሙን ያስወጣና በቦታው የቀለጠውን ማዕድን ያፈስሳል፤ ጭቃውን ሰብሮ ይሞርዳል፤ ውልወላው የሚመጣው በመጨረሻ ነው። የቅኔ ሊቃውንት «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስያሜ ከዚሁ ከእደ ጥበብ መውሰዳቸው የታወቀ ነው። ቅርጹ በሰም ሳለ ካላማረ ወርቁ አያድነውም። በዚህ ሥራ የተሠማራው ሰው ግን ጌጡ በክብር ሲለበስ እርሱ «ጠይብ» እየተባለ ሲዋረድ ኖሯል፤ ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር በ1900 ዓ.ም. አዋጅ እስከ ማውጣት መደረሱ የነገሩን ስፋት ያሳያል። ዛሬ ከኮምፒዩተር ፊት የተቀመጠው ጌጥ ሠሪም ስሙ የማይጻፍ በመሆኑ የዚያው ዕድል ተካፋይ ነው፤ ልዩነቱ ከእጁ የሚወጣው ሥራ ገና የእርሱ አለመሆኑ ነው።

ብዙው የብር ጌጣችን የተሠራው ማሪያ ቴሬዛ ከምትባለው ንግሥት መልክ ጋር የ1780 እ.ኤ.አ. ዓመት ከታተመበት ጠገራ ብር ነው። ከአንድ ሺህ እጁ 833ቱ ያህል ብር የሆነው ይህ ገንዘብ እየቀለጠ መስቀልና አምባር ሆኗል። ከእንዲህ ያለው አሮጌ የእጅ መስቀል ላይ የሚታየው ብርሃን ወጥ አይደለም። የተቦረቦረው ክፍል ጠቁሯል፤ ጫፍና ጠርዙ ነጽቷል፤ ካህኑ የሚይዘው እጀታና ምእመናኑ የሚሳለሙት ገጽ ለስልሶ ሐር መስሏል። የት እንደሚያበራ የወሰኑት የብዙ ሰዎች እጅና ከንፈር ናቸው። በፕሮግራሙ የተሠራው መስቀል ግን ከየማዕዘኑ እኩል ያበራል፤ ብርሃኑም ለብዙ ዓመታት በመሣሪያው ሠሪዎች እንደ ተወሰነው ከላይ ከግራ በኩል ይመጣል። ከጎኑ የተለጠፈው የሙሽሮች ፎቶግራፍ ከቀኝ በኩል ብርሃን ቢያገኝም ጌጡ አይሰማም። በአንድ ካርድ ላይ ሁለት ፀሐይ ይወጣል።

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ይታወቃል። ሕዝቡ ይወደዋል፤ ደንበኛው «ወርቅ አድርግልኝ» ብሎ ይመጣል፤ ማተሚያ ቤቱ ካርዱን በማግሥቱ ማስረከብ አለበት። ሦስቱም እውነት ነው። ወርቅን መውደድም ነውር አይደለም፤ ሠርግ ነውና። ነገር ግን ደንበኛው የሚወደው በኮምፒዩተሩ መስታወት ላይ ያየውን ነው። መስታወቱ ራሱ ብርሃን ይረጫል፤ ወረቀት አይረጭም። ሥራው በሳያን፣ በማጄንታ፣ በቢጫና በጥቁር ሲታተም ከወረቀቱ ንጣት የበለጠ ብርሃን ስለማይኖረው ወርቁ ሰናፍጭ ይሆናል። ደንበኛው ከፍሎ የሚወስደው እንግዲህ ያየውን አይደለም። እውነተኛ ብልጭታ ካስፈለገ በሙቀት ተጭኖ የሚለጠፍ ወርቃማ ፎይል አለ፤ ይህም በጠፍጣፋና በደንብ በተቀረጸ ፊደል ላይ ነው የሚያምረው። ያን ጊዜ ነጸብራቁን የሚሠራው ካርዱን የያዘው ሰው ቤት ይሆናል።

የግራፊክስ መምህራን ሊጀምሩበት የሚችሉት ሥራ ከባድ ወጪ አይጠይቅም። ተማሪው ፕሮግራሙን ከመክፈቱ በፊት ማንኪያን፣ የብረት ትሪንና የአንገት መስቀልን በእርሳስ ይሣል። ጥቁሩን ከነጩ የሚለየው መስመር የት እንዳለ ይፈልግ። ከዚያ አንድ የተወለወለ የብር ዕቃ ይዞ ወደ ደጅ ይውጣና ፎቶግራፍ ያንሳ፤ ከፎቶግራፉ ላይ ቀለሞቹን በቅደም ተከተል ለቅሞ የራሱን ሽግግር በፕሮግራሙ ውስጥ ያስቀምጥ። ፕሮግራሙ ይህን ይፈቅዳል፤ በረሃውን እንዲጠቀም ያስገደደው የለም። በነሐሴ የሚያገኘው ሰማይ አመድማ፣ አድማሱ የባሕር ዛፍ ጥቁር አረንጓዴ፣ መሬቱ ቀይ ጭቃ ይሆናል። በመስከረም 16 ቀን ከደመራው አጠገብ ያለ መስቀል ዣንጥላውን በቀይና በሐምራዊ፣ የምእመናኑን ነጠላ በነጭ፣ ከእግር ሥር ያለውን አደይ አበባ በቢጫ ይቀበላል፤ ችቦው ሲለኮስም ከታች ወደ ላይ በብርቱካንማ ይቀላል። ሰማያዊው ብዙ አይደለም፤ አሸዋም የለበትም።